ላሙ፦ እናቴን ይዤ የሄድኩባት የስዋሂሊ ደሴት

አብዛኞቻችን የላሙን ስም የሰማነው በወደብ ዜና ነው። በማርች 2012 (ዓመቶቹን በሙሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) የኬንያው ፕሬዚዳንት ምዋይ ኪባኪ፣ የደቡብ ሱዳኑ ሳልቫ ኪርና የእኛው ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ላሙ ላይ ተገናኝተው ሦስቱን አገሮች የሚያስተሳስረውን የወደብና የመንገድ ፕሮጀክት አስጀመሩ። ከዚያ ወዲህ ላሙ ሲባል በአእምሯችን የሚመጣው ክሬንና ኮንቴይነር ነው። ከወደቡ ማዶ ባለችው ደሴት ላይ ግን ከ700 ዓመት በላይ ሰው ሳይለያት የኖረች፣ ዩኔስኮ በ2001 በዓለም ቅርስነት የመዘገባት ትንሽ ከተማ አለች። የምጽፈው ስለ እርሷ ነው።

ተወልጄ ያደግኩት ያቤሎ ነው፤ የምሠራው አዲስ አበባ። ወደ ላሙ የሄድኩት ከእናቴ ጋር፣ በታኅሣሥ፣ በነቢያት ጾም ነበር። ከመሄዴ በፊት ያነበብኳቸው መመሪያዎች ሁሉ ሻንጣውን በጀርባው ለሚያዝል ወጣት አውሮፓዊ የተጻፉ ናቸው። ጉልበቷን የሚያማት፣ የምትጾም፣ ከአማርኛና ከኦሮምኛ ውጭ የማትናገር እናት ይዞ ለሚሄድ ሰው የሚሆን ምክር አጣሁ። ይህን ለመጻፍ የተነሳሁትም ለዚሁ ነው።

ከአዲስ አበባ ናይሮቢ ያለው በረራ ቀላል ነው። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ናይሮቢ ላይ ነው። ወደ ላሙ ከሚበሩት አውሮፕላኖች ብዙዎቹ የሚነሱት ከጆሞ ኬንያታ ሳይሆን ዊልሰን ከሚባለው ሌላ አውሮፕላን ማረፊያ ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው የመኪና መጨናነቅ ደግሞ ሰዓት አይታመንበትም። በአንድ ቀን ለመድረስ ከመሮጥ ናይሮቢ አንድ ሌሊት ማደር ይሻላል፤ በዕድሜ የገፋ ሰው ከያዛችሁ ስለዚህ ጉዳይ አትከራከሩ። ከአነስተኛዎቹ አየር መንገዶች ውስጥ ሻንጣን በ15 ኪሎ ግራም የሚገድቡ አሉ፤ ትኬት ስትቆርጡ ጠይቁ። ለኬንያ ቪዛ ባያስፈልገንም፣ ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ የመጣው የኤሌክትሮኒክስ የጉዞ ፈቃድ አሠራር ከአንድ ጊዜ በላይ ተለዋውጧል። ስለዚህ ጎረቤት ያለውን ሳይሆን የኬንያ ኢሚግሬሽን በወቅቱ ያወጣውን አንብቡ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርዳችሁን ከፓስፖርቱ ጋር አንድ ላይ ያዙ። ላሙ ሞቃታማ የባሕር ዳር ስለሆነች ወባ አለባት፤ መከላከያ መድኃኒቱን ከመነሳታችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ። እናቴ የደም ግፊት መድኃኒቷን ከሚያስፈልጋት በላይ ይዛ ነበር፤ ደሴት ላይ ነንና በዚህ በጣም ደስ ብሎኛል።

ስለ ደኅንነት የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው፤ ማወቅም መብታቸው ነው። የላሙ አውራጃ ከሶማሊያ ጋር ይዋሰናል። በ2011 በአካባቢው ደሴቶች የውጭ ዜጎች ታግተዋል። በጁን 2014 ደግሞ በየብሱ ክፍል ባለችው ምፔኬቶኒ ከተማ ላይ አልሸባብ ኃላፊነቱን በወሰደበት ጥቃት በርካታ ሰዎች ተገድለዋል። ደሴቷ ላይ ያሉት አሮጌው ከተማና ሼላ የምትባለው መንደር ከየብሱ ጠረፍ የተለየ ሁኔታ አላቸው፤ እኔና እናቴ ማታ ሳይቀር በሰላም ተመላልሰናል። ቢሆንም ከሞምባሳ በመኪና የሚወስደውን መንገድ ረጅም ስለሆነም፣ በዚያ በኩል አደጋ ስለደረሰም አልመክረውም። በአውሮፕላን ሂዱ፤ ከመሄዳችሁ በፊትም የወቅቱን ዜና ተከታተሉ፤ ከየብሱ ወደ ሰሜን፣ ወደ ሶማሊያ ጠረፍ የሚወስድ ሽርሽር ማንም ቢጋብዛችሁ እንቢ በሉ።

አውሮፕላኑ የሚያርፈው ማንዳ በምትባለው ጎረቤት ደሴት ነው፤ ከዚያ በጀልባ ይሻገራሉ። እናቴ ባሕር ያየችው ያን ቀን ነው። ከጀልባው ወደ ደረጃው መውጣት ለጉልበት ከባድ ነው። ባሕሩ ሲሸሽ ደረጃው ይረዝማል፤ የታችኛው እርከንም አረንጓዴ ለብሶ ያንሸራትታል። ጀልባ ነጂውን አስቀድማችሁ ብትነግሩት ሰው ይጠራል። የእኛው ሳንጠይቀው እናቴን ሲያይ «ማማ፣ ቀስ» በሚል ምልክት እጇን ይዞ፣ ሌላ ወጣት ከላይ ተቀብሎ አወጧት። እርሷም «እግዚአብሔር ያክብርህ ልጄ» ብላ በአማርኛ መረቀችው። ልጁ ራሱን ዝቅ አድርጎ ምርቃቱን ተቀበለ።

የማረፊያ ነገር ላይ አቋም አለኝ። አስጎብኚዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚልኳችሁ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው፣ የባሕር ዳርቻ ወዳላት ሼላ ነው። ሼላ ታምራለች፤ ነጭ ቤቶቿን አውሮፓውያን ገዝተው አድሰዋቸዋል፤ ጸጥ ያለች ናት። የመጣችሁት ሰው ለማየት ከሆነ ግን አሮጌው ከተማ ውስጥ እደሩ። የአዛን ድምፅ ጎህ ሳይቀድ ይቀሰቅሳችኋል፤ የአህያ ድምፅ ይቀሰቅሳችኋል፤ ቦዮቹ ክፍት ስለሆኑ አንዳንዱ መታጠፊያ ይሸታል። ይህን ሁሉ ተቀብዬ እንደገና ብሄድም የማድረው እዚያው ነው፤ ምክንያቱም በሩን ከፍታችሁ ስትወጡ የምትገቡት ሰዎች መካከል ነው።

ቤቶቹ የተሠሩት ከኮራል ድንጋይና ከማንግሮቭ እንጨት ነው። ከመንገድ ሲያዩዋቸው ግድግዳቸው ደፍን ነው፤ ያማረው ሁሉ ያለው በውስጥ፣ በግቢው ዙሪያ ነው። ሐረር ጀጎልን የሚያውቅ ሰው ይህ አሠራር አይገርመውም። ክፍሎቹ ረጃጅምና ጠባብ ሆነው አገኘናቸው፤ ለምን እንደሆነ የቤቱ ባለቤት ለእናቴ በእጃቸው እየለኩ አስረዷት። ጣሪያውን የሚሸከመው የማንግሮቭ ግንድ ነው፤ ግንዱ ደግሞ ከተወሰነ ርዝመት በላይ ከባድ ድንጋይና ኖራ መሸከም ስለማይችል የክፍሉን ስፋት የሚወስነው እንጨቱ ነው። በግድግዳው ውስጥ በኖራ ልስን በረድፍ የተቀረጹ ትናንሽ መስኮት መሰል ጉድጓዶች አሉ፤ ድሮ ባለጸጎች ከቻይና በመርከብ የመጣ ሸክላ ይደረድሩባቸው ነበር። በሩ ፊት ለፊት ደግሞ ግራና ቀኝ የድንጋይ መቀመጫ ያለው በረንዳ አለ፤ እንግዳ ወደ ውስጥ ከመግባቱ በፊት የሚስተናገደው እዚያ ነው። እናቴ በየመንገዱ ድካም ሲይዛት የምታርፈው በእነዚህ መቀመጫዎች ላይ ሆነ። አንድም ቀን ተነሺ ያላት የለም፤ ውሃ ያመጡላት ግን ብዙዎች ናቸው።

ክፍል ስትይዙ ስለ ደረጃ ጠይቁ። ጥሩ ነፋስ የሚገኘው ከላይ፣ ጣሪያው ላይ በመሆኑ ምርጥ የሚባሉት ክፍሎች ሦስተኛ ፎቅ ላይ ናቸው፤ ደረጃቸውም ቀጥ ያለ ነው። ለእናቴ የምድር ቤት ክፍል፣ አጎበርና ማራገቢያ ያለው፣ ብዬ አስቀድሜ ጻፍኩ፤ አገኘሁም።

በአሮጌው ከተማ ውስጥ መኪና የለም። መንገዶቹ አህያ ከነጭነቱ ሲያልፍ ሰው ግድግዳ የሚጠጋባቸው ናቸው። ሲሚንቶው፣ አሸዋው፣ የሱቁ ዕቃ፣ ሁሉም የሚጓዘው በአህያ ጀርባ ነው፤ ከ1987 ጀምሮ አህዮችን በነጻ የሚያክም ክሊኒክም በከተማዋ አለ። እናቴ ከብት ያረባች ሰው ስለሆነች ከቤተ መዘክሩ ይልቅ ክሊኒኩ በራፍ ላይ ብዙ ቆየች። መንገድ ቢጠፋችሁ አትጨነቁ፤ ከተማዋ ወደ ባሕሩ ታዘቀዝቃለች፤ ቁልቁለቱን ከተከተላችሁ የባሕር ዳሩ መንገድ ላይ ትወጣላችሁ። ማታ የእጅ ባትሪ ያዙ።

አሁን ወደ ሰዎቹ ልመለስ፤ ላሙን ላሙ የሚያደርጋት እነርሱ ናቸው። ምሽጉ ፊት ለፊት ባለው አደባባይ፣ ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር አንድ ጠዋት ብትቀመጡ በሕንድ ውቅያኖስ ዙሪያ ያለውን ዓለም ሁሉ ታዩታላችሁ። ቅድመ አያቶቻቸው ከየመን ሐድረመውት የመጡ ነጋዴዎች አሉ። ከኦማን የመጡ አሉ። የሕንድ ዝርያ ያላቸው ባለሱቆች አሉ። ከሰሜኖቹ ደሴቶች የመጡ ባጁኒ ዓሣ አጥማጆች፣ ሶማሌዎች፣ ከመሀል ኬንያ ወደ ምፔኬቶኒ ከ1970ዎቹ ጀምሮ የሰፈሩ ኪኩዩዎች፣ በሼላ በኩል ደግሞ አውሮፓውያን አሉ። ሁሉንም የሚያግባባው ስዋሂሊ ነው፤ ያውም ነዋሪዎቹ የሚኮሩበት የራሳቸው የላሙ አነጋገር።

እኛን ያስደነቀን ግን ሌላ ነው። ገበያው ጫፍ ላይ በየብሱ ካለችው ከዊቱ በኩል ከብት ሊሸጡ የመጡ አንድ ሽማግሌ ቆመው ነበር፤ አቋማቸውም፣ በትር አያያዛቸውም የቦረና ሰው ነው። እናቴ ዝም ብላ ማለፍ አልቻለችም፤ በኦሮምኛ ሰላም አለቻቸው። ሽማግሌው ዘወር ብለው አዩዋትና መለሱ። ኦርማ ነበሩ። በኬንያው ጣና ወንዝና በላሙ የብስ ክፍል የሚኖሩት ኦርማዎች የሚናገሩት የኦሮምኛ ዘዬ ስለሆነ፣ አንዳንዱ ቃል ቢያመልጠንም እናቴና እርሳቸው ስለ ግጦሽ፣ ስለ ድርቅ፣ ስለ ከብት ዋጋ ለረጅም ጊዜ ተጨዋወቱ። ከያቤሎ እስከ ሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ድረስ በቋንቋዋ የሚመልስላት ሰው እንዳለ እናቴ ከዚያ በፊት አታውቅም ነበር፤ እኔም ብሆን በመጽሐፍ ነው የማውቀው። ኦሮምኛ የምትችሉ ከሆነ ገበያ ውስጥ ጆሯችሁን ክፈቱ።

ሰላምታ በላሙ ትልቅ ነገር ነው። ለአዛውንት «ሺካሞ» ይባላል፤ እርሳቸው «ማራሃባ» ብለው ይመልሳሉ። እኛ ታላቅን አክብረን የምናድግ ስለሆንን ይህ አይከብደንም፤ ይህችን አንዲት ነገር ማወቃችሁ ከማንኛውም ገንዘብ በላይ በር ይከፍትላችኋል። አብዛኛው ሰው ሙስሊም ስለሆነ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ልበሱ፤ የባሕር ልብስ ባሕሩ ዳር ላይ ብቻ። ነጠላ የሚባለው ልብሳችን እዚያ ግሩም ነው፤ ለፀሐይም ለአክብሮትም ይሆናል። ሴቶችን ሳታስፈቅዱ ፎቶግራፍ አታንሱ። ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ሱቅ ሁሉ እንደሚዘጋ፣ በረመዳን ደግሞ ቀን ምግብ ቤት ማግኘት አስቸጋሪ እንደሆነ አስቡ። በባሕር ዳሩ መንገድ ላይ አስጎብኚ ነኝ እያሉ የሚከተሉ ወጣቶች ያሰለቻሉ፤ ሰላም ብላችሁ፣ አመስግናችሁ፣ አስጎብኚ እንዳላችሁ ንገሯቸው። ፈቃድ ያለው አስጎብኚ በማረፊያችሁ በኩል አስጠሩ፤ ለመጀመሪያው ቀን ገንዘቡ ይገባዋል።

የጾም ምግብ ነገር ብዙ አሳስቦኝ ነበር፤ ሳያስፈልግ ነው። ጠዋት ምባዚ የሚሉት የርግብ አተር በኮኮናት ወተት ተቀቅሎ፣ ማሃምሪ ከሚባለው በዘይት ከተጠበሰ ጣፋጭ ዳቦ ጋር ይቀርባል። ለምባዚው የሚገባው የኮኮናት ወተት ስለሆነ ለጿሚ ምቹ ነው። ማሃምሪውን ግን አንዳንዱ ቤት በላም ወተት ስለሚያቦካው ጠይቁ። በዱቄት ተለውሶ የተጠበሰው ድንች፣ በኮኮናት የተሠራው ባቄላና ሩዝ፣ የሆመር ጭማቂ፣ ፓፓያና ማንጎ፣ እናቴ ጾሟን ሳታጓድል ጠግባ ነው የሰነበተችው። ለእኔ የቀረበልኝን በኮኮናት መረቅ የተጠበሰ ዓሣ ደግሞ እስካሁን አልረሳሁትም። የቧንቧ ውሃ አትጠጡ። የከተማዋ ውሃ የሚመጣው ከሼላ የአሸዋ ኮረብታዎች ሥር ካሉ ጉድጓዶች ነው፤ አሸዋው ዝናቡን አጣርቶ ያስቀምጠዋል። ውሃ በደሴት ላይ ውድ ነውና ገላ ስትታጠቡ ቆጥቡ፤ ይህን የምለው ከልቤ ነው።

አመሻሽ ላይ ወንዶች ረጅም የነሐስ ማንቆርቆሪያ ከሥሩ ፍም አድርገው ቡና ይሸጣሉ። ዝንጅብል የገባበት፣ ስኳር የሌለው ጥቁር ቡና ነው፤ የሚቀዳው እጀታ በሌለው ትንሽ ሲኒ ነው። ቡና ሻጩ ከየት እንደመጣን ጠየቀ፤ ኢትዮጵያ ስንለው የእናቴን ሲኒ ዳግመኛ ሞላና ገንዘብ አልቀበልም አለ። እናቴም ፈጥና «ሦስተኛውን ሳንጠጣ አንሄድማ» አለች። ያንን ተረጎምኩለት፤ ሳቀና ቀዳልን።

ምሽጉን እዩ። መሠረቱ በ1813 ተጥሎ በ1821 አለቀ፤ ከ1910 እስከ 1984 ድረስ እስር ቤት ነበር፤ አሁን ቤተ መዘክር ነው። አስጎብኚዎች ስለ በሮቹ ቅርጽ ብዙ ይናገራሉ፤ ያንን ውበት የገነባው ሀብት ከየት እንደመጣ ግን ጠይቁ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የላሙ ባለጸጎች በየብሱ እርሻዎቻቸው ላይ ያሠሩ የነበረው በባርነት የተያዙ ሰዎችን ነው፤ ባርነት በኬንያ በሕግ የተሻረው በ1907 ነው። በዚያው ዘመን ከኮሞሮስ የመጡት ሐቢብ ሷሊህ የሚባሉ የሐድረመውት ዝርያ ያላቸው መምህር፣ የባሪያ ልጆችንና ድሆችን ሰብስበው ቁርአን ማስተማር ጀመሩ። ትልልቆቹ ቤተሰቦች አልወደዱላቸውም። እርሳቸው ግን ሪያዳ መስጊድን አቋቋሙ፤ ዛሬ የላሙ ስም ከመስጊዱ ጋር አብሮ ይጠራል። ለእኔ የከተማዋ ታሪክ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ የለም፤ ስለ ተለያዩ ሕዝቦች አብሮ መኖር በቀላሉ ማውራት ለሚወድ ሰው አብሮነቱ በትግል የተገኘ መሆኑን ያሳየዋል።

ለሼላ አንድ ሙሉ ቀን ስጡ። በእግር መሄድ ይቻላል፤ ባሕሩ ሲሞላ ግን መንገዱን ውሃ ስለሚይዘው ሰዓቱን ጠይቁ። እናቴ በጀልባ ሄደች። በ1829 የተሠራው መስጊድ ሾጣጣ ሚናራ ከሩቅ ይታያል፤ ከዚያ ወዲያ 12 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘረጋ ሰው የማይበዛበት አሸዋ አለ። ሞገዱ ኃይለኛ ነው፤ ነፍስ አድን ሠራተኛ የለም፤ እንደ እኛ ደጋ ያደገ ሰው ጉልበቱ ድረስ ቢገባ ይበቃዋል። ማንዳ ደሴት ላይ ያለውን የታክዋ ፍርስራሽም ብታዩ መልካም ነው፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሰው ጥሎት የሄደ ከተማ ነው። በማንግሮቭ መካከል ያለው መተላለፊያ ጀልባ የሚያሳልፈው ባሕሩ ሲሞላ ብቻ ስለሆነ መነሻ ሰዓቱን የሚወስነው ባሕሩ እንጂ እናንተ አይደላችሁም። ባለ ሸራ ጀልባ ስትከራዩ ዋጋውን፣ ምሳ መኖር አለመኖሩንና የመመለሻ ሰዓቱን ከመሳፈራችሁ በፊት ተነጋገሩ። የኬንያ ሽልንግ በጥሬው ያዙ፤ ብዙው ሰው የሚገበያየው ኤምፔሳ በሚባለው የስልክ ገንዘብ ነው፤ የገንዘብ ማውጫ ማሽኖቹ ጥቂት ናቸው።

ስለ ወደቡም ከዓሣ አጥማጆቹ ጋር ተነጋገሩ። የመጀመሪያው የመርከብ ማቆሚያ በሜይ 2021 ሥራ ጀምሯል። ለግንባታው የባሕሩ ወለል ተቆፍሯል፣ ማንግሮቭ ተቆርጧል፤ ዓሣ አጥማጆች ክስ መሥርተው በ2018 ከ4,000 ለሚበልጡት 1.76 ቢሊዮን ሽልንግ ካሳ እንዲከፈላቸው ተፈርዶላቸዋል። በ2019 ደግሞ ነዋሪዎቹ ባነሱት ተቃውሞ በአካባቢው ሊሠራ የነበረው የድንጋይ ከሰል ኃይል ማመንጫ ፈቃዱ ተሰርዟል። ወደቡ በስማችንም የተሠራ ስለሆነ ይህን ማወቅ ይገባናል ብዬ አምናለሁ። ጀልባ ነጂያችን ክሬኖቹን በጣቱ እያሳየ «የእናንተ ነው» ያለን በቂም አልነበረም፤ ዓሣው ወደ ጥልቁ መሸሹን ግን አልደበቀንም።

ወቅቱን በተመለከተ፣ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ይነፍሳል፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ፈረንጆች በገናቸው ሰሞን ግን የቤት ዋጋ ይወደዳል። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ዝናብ ነው፤ ያኔ ብዙ ማረፊያዎች ይዘጋሉ። ከሁሉ የሚበልጠው ጊዜ መውሊድ ነው ይላሉ፤ ከብዙ አገር ምእመናን ወደ ሪያዳ መስጊድ ይጎርፋሉ፤ የአህያና የጀልባ ውድድር ይካሄዳል። ቀኑ በእስልምና አቆጣጠር ሦስተኛው ወር ላይ ስለሚውል በየዓመቱ ቀደም እያለ ይመጣል፤ ከመነሳታችሁ በፊት ሙስሊም ጎረቤታችሁን ጠይቁ። እናቴ አህዮቹ ሲሮጡ ማየት አለብኝ ብላለች፤ የቤቱ ባለቤትም የምድር ቤቱን ክፍል ከፈለጋችሁ ከወራት በፊት ጻፉልኝ ብለውናል።